አልጋ የሚያሳልፍ በር

እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። ይህን ቀድሜ የምናገረው ወደ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ ከእኛ በፊት የሚያውቀው ነገር እሱ ስለነበረ ነው፤ ገና ከመንገዱ ሳይታጠፍ የቅቤው ሽታ ይቀበለዋል። ኮሌጅ ገብቼ የሕንፃ ንድፍ መማር ከጀመርኩ በኋላ እንኳ እሑድን እቤት ውዬ ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ አየሩን ሳብ ሳብ ያደርግና "እናትሽ ደህና ናቸው?" ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን ደሜ ይፈላ ነበር፤ እኔ በተፈጥሮዬ ቶሎ የምግል ሰው ነኝ። ኋላ ግን ለመድኩት። የተማርኩት በዚያው ቅቤ ነው፤ ምን ያሳፍረኛል?

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ሊያበቃ ጥቂት ዓመታት የቀሩት ጊዜ ነው፤ ሊያበቃ መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። ቤታችን ኮልፌ ውስጥ ከገበያው ወረድ ብሎ የመኪናውን መንገድ ይዞ ነው። ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከሱቁ ጀርባ መኖሪያችን፣ ከመኖሪያችን ጀርባ ጓሮ። አባቴ በልጅነቴ ሲሞት ለእናቴ ትቶላት የሄደው ይህንኑ ነው። ሌላ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ሰፈሩ ድሮ የአንድ ደጃዝማች ግቢ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ወራሾቻቸው እየሸነሸኑ ሸጡት። የገዙትም እንደ አባቴና እንደ እናቴ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው በንግድ የኖሩ ክርስቲያኖችና ከየአገሩ የተሰባሰቡ ሙስሊም ነጋዴዎች ናቸው። ከደጃዝማቹ ዘመን የተረፈው መሐል ላይ የቆመው ፎቅ ቤት ብቻ ነው። ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ አለው፣ ደረጃው ሰው በወጣበት ቁጥር ያቃስታል፣ ከሥሩ የውሃ ጉድጓድ አለ። ከፎቁ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ይወርድና ወንዙ አፋፍ ላይ ያበቃል። እዚያ አፋፉ ላይ የጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። የሀጂ የፊት በር የሚከፈተው ወደ ወንዙ ዳር መንገድ ነው። ያ መንገድ በበጋ መንገድ ነው፤ በክረምት ግን ጎርፍ ይበላዋል።

ታዲያ የታች ሰዎች በክረምት በየት ይወጣሉ? በእኛ ነዋ! በሰፈራችን ሁለት ግቢ በሚያዋስን አጥር ሁሉ ላይ በር ነበረ። ከሀጂ ጓሮ ወደ ላይኛው ጎረቤታቸው፣ ከዚያ ወደ ፎቁ ግቢ፣ ከፎቁ ግቢ ወደ እኛ ጓሮ፣ ከእኛ ሱቅ ወደ መኪናው መንገድ። ቁልፍ የሚባል ነገር አልነበረውም። የሚያልፈው ሰው አንኳኩቶ "ቤቶች!" ይላል፣ የቤቱ ሰው ተነሥቶ ይከፍትለታል፣ ደህና ዋላችሁ ተባብለው ያልፋል።

የበሩ ስፋትም እንዲሁ በግምት አልነበረም። በጓሮው አጥር ላይ በር የሚያሠራ ሰው የገዛ አልጋውን ከቤት አስወጥቶ አጥሩ ሥር ያስቀምጣል። አናጢው በአልጋው ወርድ ይለካና ለተሸካሚዎቹ እጅ ትንሽ ጨምሮ ይቆርጣል። ታማሚም ይሁን ሬሳ፣ ሰው በአልጋ የሚወጣበት ቀን አይጠፋምና ነው። እናቴ በራችንን ስታሳድስ አልጋዋን ያስወጣችበት ቀን ትዝ ይለኛል። እኔ ፍራሹ ላይ ወጥቼ አልወርድም ብዬ አስቸገርኩ፤ አናጢው እየሳቀ ከእነ እኔ ለካው።

ትምህርቴ ሊያልቅ ሲቃረብ መምህራችን አንድ ዜና ይዘው ክፍል ገቡ። ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ፣ ሲናገሩ ጠመኔውን እንደ ሲጋራ በሁለት ጣታቸው መሐል የሚይዙ ሰው ነበሩ። ከተማው እየሰፋ ስለሆነ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ሰፋፊ መንገድ ይውጣባቸው ወይስ ተጠግነው ይኑሩ የሚል ክርክር ተነሥቷል አሉ። ነገሩ የሚመለከታቸው ሰዎችም አንድ ሰፈር አጥንታችሁ ሐሳብ አቅርቡልን ብለዋቸዋል። መምህራችን ሰፈሩን መርጠው ጨርሰዋል። በአውቶቡስ ሲያልፉ ከጣሪያዎች በላይ ብቅ ያለ አሮጌ የእንጨት በረንዳ አይተው ልባቸው እዚያው ቀርቷል።

እጄን አወጣሁ። "የኔ ሰፈር ነው" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህራችን ግን ደስ አላቸው። "እንግዲያው መንገድ መሪያችን አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ከዚያ ነገሩን ሳይሸፋፍኑ አስረዱን። ጥናቱ ሰፈሩ መታደስ ይችላል ካለ ይታደሳል፤ አይችልም ካለ ይፈርስና መንገድ ይወጣበታል። ሌሎቹ ይህን በደብተራቸው ጻፉ። እኔ የጻፍኩት ነገር የለም። የእናቴን ሱቅ፣ ያችን ከመንገድ የምትቀበል ሽታ፣ በዓይነ ልቦናዬ እያየሁ ነበር።

ግንቦት ላይ ሜትርና ችካል ይዘን መጣን። ጓደኞቼን በሱቃችን አሳልፌ በኩራት ጓሮ አስገባኋቸውና ወደ በሩ መራኋቸው። በሩ የለም። በቦታው አዲስ ቆርቆሮ ተመቶበታል፤ ከሥሩም እዚያ ኖሮ የማያውቅ የማገዶ እንጨት ተከምሯል። ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ፎቁ ግቢ ሰው ጎኑን አዙሮ የሚያልፍባት አንዲት ቀጭን የጎን መግቢያ አለችው። በእሷ ዞሬ ገብቼ ባይ እዚያም በየአጥሩ ቆርቆሮ፣ እሾህ፣ አጣና። ሰፈሩ በሳምንቱ ውስጥ ከላይ እስከ ታች ተዘግቷል።

ተመልሼ ሱቅ ገባሁ። እናቴ ቅቤዋን እያገላበጠች ነበር።

"እማዬ፣ በሩስ?"

"የምን በር?"

"እማዬ!"

በዓይኗ ወደ ጓደኞቼ አመለከተችኝና ድምፄን እንድቀንስ አደረገች። "ሰው የሚመላለስበት መሬት መንገድ ነው ይላሉ። መንገድ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ነው። ለክተው ሲሄዱ ጓሮዬ መንገድ ነው ብለው ቢወስዱብኝስ? ሀጂ ሱቅ ተሰብስበን ተመካክረናል። ለኪዎቹ እስኪሄዱ ሁሉም ይዝጋ ተብሏል።"

"ለኪዎቹ እኮ እኛ ነን! እኔ ነኝ!"

"አንቺማ ልጄ ነሽ። ለኪዎቹ እነሱ ናቸው።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"የሰፈር ቃል ነው። ቃል ከሰጡት አንዷ እኔ ነኝ። በጎረቤት ፊት ልታዋርጂኝ ነው?" ቅቤ የነካ ጣቷን ወደ እኔ ቀሰረች። "አሁን አንቺ የዚህ ቤት ልጅ ነሽ ወይስ መሐንዲስ?"

"ሁለቱም ነኝ!"

"ሁለቱም ከሆንሽ ጓደኞችሽን ጥሪና ምሳ ብሉ።"

ጓደኞቼን ጠራሁ፣ ምሳ በላን። ተናድጄም ቢሆን ግን ምስጢሩን አላወጣሁም። ሰፈሩ በአንድ ነገር እንዲያ ሲስማማ አይቼ አላውቅም ነበር፤ በውሃ ወረፋ የሚጣሉ ሰዎች ለዚህ ጊዜ አንድ ሆኑ።

ልኬቱ ሰንበትበት አለ። ሰዉ ደግሞ እንዴት ያለ እንግዳ ተቀባይ ነው! የገባንበት ቤት ሁሉ ሻይ፣ ቆሎ፣ ቁጭ በሉ፣ ምነው ከሳችሁ። እየሳቁ ይመግቡናል፣ እየሳቁ ይዋሹናል። መምህራችን ፎቁን ወደዱት፤ በረንዳው ላይ ወጥተው የተጠረበውን እንጨት በመዳፋቸው ሲያሹ ያየ ፈረስ የገዙ ይመስለዋል። ያልገባቸው አንድ ነገር ነበር። ከፎቁ ጀምሮ በመሬቱ ላይ ሰፋፊ የድንጋይ ንጣፍ ይታያል፤ ጥቂት ይሄድና አጥር ሲደርስ ያበቃል። በሀጂ ጓሮም እንደዚያው ያለ ንጣፍ አለ፤ እሱም ከአጥሩ ሥር ነው የሚነሣው።

"ከዚህ አጥር ወዲያ የማን ቤት ነው?" ብለው ሀጂን ጠየቋቸው።

ሀጂ ጢማቸውን ዳሰስ አድርገው አጥሩን ዛሬ ገና እንዳዩት ሁሉ ተመለከቱት። "እኔ እንጃ ጌታዬ። አጥር ነው" አሉ።

ሀጂ ይህን የተናገሩት እኔ ፊት ነው! በየዓመቱ በረመዳን ማታ ማታ ሾርባ በዚያ አጥር በር የሚልኩልን፣ እናቴ ታማ የተኛች ጊዜ በዚያ በር እየተመላለሱ ሱቋን የጠበቁላት ሀጂ! ከንፈሬን ነክሼ ሜትሩን አጥብቄ ያዝኩ። እሳቸው በጎን አየት አደረጉኝና ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ።

ኮሌጅ ስንመለስ ልኬታችንን በስስ ወረቀት ላይ አወጣነው። እያንዳንዱ ግቢ ክዳኑ የገጠመ ሣጥን ሆኖ ወጣ። መምህራችን ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰክተው ሣጥኖቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዞሩባቸው። ደስ አላላቸውም።

"ቤቶቹን ማደስ ይቻላል" አሉ በመጨረሻ። "ግን የታችኞቹ ሰዎች በክረምት መውጫ የላቸውም። እሳት ቢነሣ፣ ሰው ቢታመም በየት ይወጣሉ? ሰው የማይወጣበትን ሰፈር ይኑር ብዬ መፈረም አልችልም።" ቀይ እርሳስ አንሥተው ከመኪናው መንገድ ተነሥተው እስከ ወንዙ አንድ ሰፊ መንገድ አሰመሩ። ፎቁን ብቻ እንደ ምንም ብለው በጎኑ አተረፉት። መስመሩ የሚጀምረው ከእናቴ ሱቅ ላይ ነበር።

ቅዳሜ እቤት ሄጄ ነገርኳት። መንገድ አለው እንዳይባል የዘጉት ሰፈር መንገድ የለውም ተብሎ ሊፈርስ ነው። እናቴ ቁጭ አለች። ቅቤ የነካ እጇን እንዳነሣች ረስታው ቅቤው እስከ ክርኗ ቀልጦ ወረደ።

"በሩን እንክፈትና እናሳያቸው" አልኳት።

ሻሿን አጥብቃ ሀጂ ዘንድ ሄደች። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ግማሹ እንክፈት ብሏል፣ ግማሹ ደግሞ አሁን ብንከፍት ውሸታችን ይታወቃል፣ ውሸታም ሰፈር ደግሞ ቀድሞ ነው የሚፈርሰው ብሏል። እስኪ ትንሽ እንጠብቅ ተባብለው ተለያዩ። ምን እንደሚጠብቁ ማንም አልተናገረም። እናቴንም የሰጠችው ቃል እንዳሰራት ቀረ።

ክረምቱ ገባ። ሰፈሩ በሩን ዘግቶ መኖርን አያውቅበትም ነበር። የሀጂ ሚስት የላኩት ሳህን በየአጥሩ ላይ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሾርባው እናቴ ሻሽ ላይ ፈሰሰ። ልጆች ቆርቆሮ ሲዘሉ ሱሪያቸው ተቀደደ። ጉድጓዱ ጋ ሴቶች ተሰልፈው የሚስቁበት ሳቅ ጠፋ። የታች ሰዎች በወንዙ ዳር ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበት እየዳከሩ ዞረው ወደ ገበያ ይወጣሉ፤ በሱቃችን ፊት ሲያልፉ እናቴ አንገቷን ትደፋለች። የሀጂ ልጅ ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ አባቷ ቤት መጥታለች። እናቴ ማታ ማታ "ያቺ ልጅ እንዴት ሆና ይሆን?" ትላለች፤ ድሮ ቢሆን ገፋ አድርጋው የምትሄድበት በር ጓሮአችን ውስጥ ተዘግቶ ቆሟል።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መምህራችን መጡ። ጥናቱን ከማስረከባቸው በፊት የጎርፉን ሁኔታ በዓይናቸው ለማየት ነው። ዝናቡ ሲበረታ ሱቃችን ገብተው ተጠለሉ፤ እናቴን አክብረው ሥዕሉን ቅቤ መሸጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጉላት። ቀዩ መስመር በየት በየት እንደሚያልፍ ሰው እንዳያስከፉ በሚጠነቀቅ ድምፅ አስረዷት። "እናቴ፣ እኔም ደስ ብሎኝ አይደለም" አሏት። እናቴ መስመሩን በጣቷ ተከተለችው፤ ጣቷ ባለፈበት የቅቤ ዱካ ቀረ።

በዚያ መሐል ከጓሮ በኩል ጩኸት ሰማን። የሀጂ ድምፅ ነበር፤ ከፎቁ ግቢ፣ ከአጥሩ ወዲያ።

"እህቴ! ኧረ እህቴ! ልጄ ምጥ ይዟት መሽቶ ነግቷል፣ እየደከመችብኝ ነው! የታቹን መንገድ ጎርፍ ወሰደው! ወላሂ የምሄድበት የለኝም!"

እናቴ ከወንበሯ እንዴት እንደ ተነሣች አላየሁም። ስደርስ ማገዶውን በሁለት እጇ ወዲያና ወዲህ እየወረወረች ነበር። ቆርቆሮውን ያዘችና ሳበችው። ቅቤ የነካ እጅ ቆርቆሮ አይዝም፤ አዳለጣት፣ መዳፏን ቆረጣት፣ እንደገና ያዘችው። እኔም ያዝኩ። ሌሎች እጆች ከጎኔ መጡ፤ ዞር ብል መምህራችን ናቸው፤ ኮታቸውን ጥለው ከእኛ ጋር ይጎትታሉ። ምስማሩ አንድ በአንድ እየጮኸ ወጣ።

ቆርቆሮው ሲወድቅ አሮጌው በራችን ከኋላው እንደ ነበረ ነበር። እናቴ በእግሯ ገፋችው።

ከወዲያ ማዶ አልጋው እየመጣ ነበር። የሀጂ ወንዶች ልጆችና ጎረቤቶቻቸው ተሸክመውታል፤ ልጅቷ ከላይ ነጠላ ተደራርቦባት ዓይኗን ጨፍናለች። የራሳቸውን አጥር ከታች ጀምረው እያፈረሱ ነው የደረሱት። አልጋው በራችን ጋ ሲደርስ መምህራችን "አያልፍም!" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። አለፈ። የተሸካሚዎቹ እጅ መቃኑን ሳይነካ አለፈ። በጓሮ፣ በመኖሪያችን፣ በሱቁ በር፣ በየትም አልተቀረቀረም። እናቴ በአንድ ወገን "ማርያም፣ ማርያም" ትላለች፤ የሀጂ ሚስት በሌላው ወገን "ያ አላህ" ይላሉ። ሁለቱ አልጋውን ይዘው ሮጡ።

መንገዱ ላይ ታክሲ አስቆምን። ልጅቷን አስገቡ፣ ሁለቱ ሴቶች ገቡ፤ መኪናው ውሃውን እየረጨ ወደ ሐኪም ቤት ሄደ። እኛ ዝናብ ላይ ቀረን። ባዶው አልጋ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ሀጂ ባዶ እግራቸውን ነበሩ።

መምህራችን ወደ ሱቁ ዞሩና ቆመው ቀሩ። እኔም ባዩበት አየሁ። የሱቁ በር፣ የጓሮው በር፣ የፎቁ ግቢ፣ ከዚያ የወዲያኛው በር፣ ከዚያ የሀጂ በር፣ በመጨረሻም ወንዙ ማዶ ያለው ባሕር ዛፍ። ሁሉም ተከፍቶ በአንድ መስመር ይታያል። የድንጋዩ ንጣፍ በእያንዳንዱ በር ሥር ሳይቋረጥ እስከ ታች ይወርዳል።

"ይሄ የደጃዝማቹ መንገድ ነው" አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ሹክሹክታ ሆኖ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ክፍት የነበረው?"

"እኔ ሳልወለድ በፊት ጀምሮ" አልኳቸው።

ሀጂ ወደ እኛ ተጠጉ። ውሃው ከጢማቸው ይንጠባጠባል። "ጌታዬ፣ ዋሽቼዎታለሁ" አሉ። "መሬታችንን መንገድ ነው ብለው እንዳይወስዱብን ብለን ነው። አሁን ግን ልጄ በሰላም ትገላገልልኝ እንጂ የፈለጉትን ያድርጉ። መንገድ ነው ካሉም መንገድ ነው፤ ይውሰዱት።"

መምህራችን ሊቆጡ ይችሉ ነበር። ያን ያህል ቀን ለፍተን፣ ያን ያህል ሰው እየሳቀ ሸኝቶን። እኔ ብሆን እቆጣ ነበር። እሳቸው ግን ኮታቸውን ከጭቃው አንሥተው ሀጂ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላቸው። "የሚወስደው የለም ሀጂ" አሉ። "እንዲያውም የሚያድናችሁ እሱ ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ሜትሩን አምጪ አሉ። ስለዚያች ቅጽበት እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ። ብዙ የተማረ ሰው አውቃለሁ፤ ተታልሎ ሳይከፋው ሥራውን ከሥር የሚጀምር ግን እንደ እሳቸው አላየሁም።

እናቴ መዳፏን በጨርቅ ጠቅልላ ስትመለስ መምህራችን ጓሮአችን ውስጥ ተንበርክከው የበራችንን ስፋት እየለኩ ነበር፤ ሀጂ ጃንጥላ ይዘውላቸዋል። እናቴ ሁለቱንም አየቻቸው።

"ሴት ናት" አለች። "ልጅቷም ሕፃኗም ደህና ናቸው።"

ሀጂ ጃንጥላውን ለቀቁትና ፊታቸውን በሁለት መዳፋቸው ሸፈኑ። እናቴ አጠገባቸው ቆማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ። ያ ሁሉ የክረምት መዓት አንድ ቆርቆሮ ሆኖ ከላዬ የወደቀ መሰለኝ።

ጥናቱን እንደገና ጻፍነው። ቀዩ መስመር ጠፋ። በምትኩ ከበር ወደ በር የሚሄደው አሮጌ መንገድ ተሣለ፤ በጎኑ የጎርፍ መውረጃ፣ ፎቁ ሥር የጋራ የውሃ ቧንቧ፣ ፎቁ ራሱ ታድሶ የዕድርና የሰፈር መሰብሰቢያ እንዲሆን። መምህራችን ጥናቱን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ተንከራተቱ። ቆይቶ ሰፈሩ አይፈርስም ተባለ። የተሠራው ካሰብነው ጥቂቱ ነው። መውረጃው ተቆፈረ፣ የወለቁት ድንጋዮች ተመልሰው ተነጠፉ፣ ቧንቧው ገባ፣ የፎቁ ደረጃ ተጠገነ፤ ማቃሰቱን ግን አልተወም። ለእኔ በቂ ነበር። እናቴ ሱቋ ውስጥ ናት፤ ከዚህ በላይ ምን ልመኝ?

ሥራው ከመጀመሩ በፊት መምህራችን ሥዕሉን ለሰፈሩ ሰው ለማሳየት በረንዳው ላይ ዘረጉት። ሁሉም እየተጋፋ የራሱን ቤት ፈለገ። ሁሉም ወደደው። እናቴ ብቻ አቀርቅራ ቆየችና "በሮቹ የት አሉ?" አለች።

"በር አያስፈልግም እናቴ" አሏት መምህራችን ደስ ብሏቸው። "አሁን የጋራ መንገድ ነው። ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል፣ ማንም አይዘጋውም፤ አይሻልም?"

"አይሻልም" አለች እናቴ። "በሩ ይኑር።"

"እማዬ፣ ደግሞ ልትዘጉት ነው?" አልኳት፤ መጋሌ አይቀርም።

አልተቆጣችኝም። የቆሰለው መዳፏ ድኖ ጠባሳው ቀርቶባት ነበር፤ በሌላው እጇ ጣት ታሸዋለች። "ቁልፍ አይኑረው" አለች። "ግን በር ይኑረው። በር ከሌለ ሰው ዝም ብሎ ያልፋል፤ ማን እንዳለፈ፣ ማን እንደ ታመመ አላውቅም። በር ካለ ያንኳኳል፣ እኔም ተነሥቼ እከፍታለሁ። ያን ቀን እኮ ሀጂ የጠሩት መንገድ አይደለም። እኔን ነው።"

ሀጂ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። መምህራችን እርሳሳቸውን አውጥተው በሮቹን አንድ በአንድ መልሰው ሣሏቸው፤ የእኛን ሲሥሉ ከሌሎቹ ይልቅ ጠበቅ አድርገው አጠቆሩት።

ያቺ ሕፃን እግር አውጥታ መሄድ ከጀመረች ወዲህ እናቷ አያቶቿን ልትጠይቅ ይዛት ትመጣለች፤ እሷም እጅ ለቃ ሽቅብ ድንጋዩን እየረገጠች እኛ በር ትደርሳለች። በሩ ቁልፍ የለውም፤ ገፋ ብታደርገው ይከፈታል፣ እሷም ታውቃለች። ግን በትንሽ መዳፏ መታ መታ ታደርግና ቆማ ትጠብቃለች። እናቴ ቅቤዋን ትታ፣ እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ፣ "ማነው?" እያለች ልትከፍትላት ትሄዳለች።